የእትዬ አስካለ ቀጠሮ

የእትዬ አስካለን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ጃንጥላዬን ከነፋሱ ጋር እየታገልኩ ሳለ አንድ የአንኮበር ሾፌር ጠጋ አለና «ያቺ የጤና ጣቢያው የካርድ ክፍል ሴትዮ አረፈች አይደል? ነፍስ ይማር!» አለኝ። ስለ ዝናብ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ቱግ አልኩ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተነገረኝም?» ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። «ወንድሜ፣ ዘመድህ መሆኗን እኔ በምን አውቄ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዘመዴ አልነበረችም።

በዚያን ቀን ያልተናደድኩበት ሰው የለም። በሾፌሩ ተናደድኩ፤ አንድ ስልክ እንኳ ባልደወለልኝ በአንኮበር ሰው ሁሉ ተናደድኩ፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በእሷ በራሷ ተናደድኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እንደዚያች ሴትዮ አንጀቴን ያሳረረኝ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።

ዘመኑ ደርግ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ድሬሰር ሆኜ አንኮበር ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ በቀረው ጊዜ ጉሙንና ብርዱን እረግማለሁ። እትዬ አስካለ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነበረች። ካርድ ክፍል ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ጭንቅላት ብቻ የምታስገባ መስኮት፣ ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ፣ በቃ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እስከ አንገቷ የተቆለፈ አረንጓዴ ሹራብ ትለብሳለች። እርሳሷን ሰው እንዳይወስድባት ከሹራቧ ቁልፍ ጋር በክር አስራዋለች። ካርድ ከመስጠቷ በፊት ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ ቷ ቷ ታደርገዋለች፤ ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቀጠሮ የምትሰጠው በታቦት ቀን ነበር። የገጠሩን ሰው «በአሥራ ሁለት ተመለስ» ቢሉት ግራ ይገባዋል፤ «ለሚካኤል ና» ከተባለ ግን ቀኑን አይስትም። ስለዚህ ካርዱ ላይ «ለኪዳነ ምሕረት»፣ «ለመድኃኔ ዓለም» ብላ ትጽፋለች። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው ለሚመጡት ሙስሊሞች ደግሞ በገበያቸው ቀን ትቀጥራለች። «ከገበያው ማግስት፣ ኢንሻ አላህ» ስትላቸው እየሳቁ ይሄዳሉ። አንድ ሰው ከቀረ ካርዱ ላይ «አልመጣም» ብላ ትጽፍና ከሥሩ ሌላ ቀን ትቀጥርለታለች። ሰው ልኮ ማስጠራት፣ መለመን፣ መቆጣት የሚባል ነገር የለም።

«እንዲህ ከሆነማ ለምን አትተይውም?» እላታለሁ።

«ቀጠሮ የያዘ ሰው ይመጣል» ትለኛለች።

አንድ ጊዜ እግሩ የቆሰለ የቆላ ሰው በሦስተኛ ዓመቱ መጣ። ከመደርደሪያው መሃል ካርዱን እጇን ልካ መዘዘችው፤ ሳትፈልግ፣ ሳትደናበር። ሰውዬው ምክንያቱን ሊደረድር አፉን ከፈተ። ሁለቴ ቷ ቷ አደረገችና ካርዱን ሰጠችው። «ቆየህ» አለችው፤ ሌላ ምንም አላለችም።

ይህች ሴትዮ ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት የበሽተኛ ስም ስትጽፍ ኖራለች። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፣ ወደ ሕክምናው ክፍል መሻገር። ነርስ መሆን። አሥራ አንደኛን በተልእኮ ትምህርት ጨርሳ አሥራ ሁለተኛ ላይ ደርሳ ነበር። እኔም የዚያኑ ዓመት አብሬያት ተመዘገብኩ፤ ለእኔ ከብርዱ ማምለጫ ነው። ለእሷ ግን ሌላ ነበር። «ሠላሳ አምስት ካለፈኝ የነርስ ትምህርት ቤቱ አይቀበለኝም፤ ዘንድሮ ካልሆነልኝ የሚቀረኝ አንድ ዓመት ነው» አለችኝ፤ እንዲሁ በተራ ድምፅ።

ከአዲስ አበባ ከመጻሕፍቱ ጋር የሚላክ መርሐ ትምህርት የሚሉት ወረቀት ነበር። በየትኛው ሳምንት የቱ ምዕራፍ እንደሚጠና፣ የትኛው መልመጃ መቼ እንደሚላክ የሚናገር ሁለት ገጽ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት መልመጃ። እኔ የራሴን በደረሰኝ ሳምንት ቆሎ ጠቅልዬበት ጨረስኩት። እሷ አልሳቀችም። የራሷን ዘርግታ ሁለት የበሽተኛ ካርድ አወጣችና አንዱን በስሟ፣ ሌላውን በስሜ ከፈተች። «ቁጥር አንድ፣ አስካለ። ቁጥር ሁለት፣ ደምሴ። ሕመም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል» ብላ ጻፈችና ከጠረጴዛዋ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው።

ከዚያ በኋላ መከራዬ ተጀመረ። መጻሕፍቱን ሁሉ፣ የእኔንም ጭምር፣ ካርድ መደርደሪያው ውስጥ ቆለፈችባቸው። እኔ ደስ ያለኝን ነበር የማነበው፤ ባዮሎጂ ከሆነ ባዮሎጂ፣ ካልሆነም ምንም። አሁን ግን መጽሐፍ ስፈልግ ከታማሚ ጋር ወረፋ ይዤ መስኮቱ ላይ መቆም ሆነ።

«ባዮሎጂውን ስጪኝ።»

«ዛሬ የሒሳብ ተራ ነው።»

«እትዬ አስካለ፣ የራሴ መጽሐፍ ነው እኮ!»

«የባዮሎጂ ቀጠሮህ ለሐሙስ ነው» ትልና ሒሳቡን ቷ ቷ አድርጋ ትሰጠኛለች። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «ውሰድ እንጂ ልጄ፣ ሰው አታስቁም» ትለኛለች። ጨጓራዬን ላጠችው! ግን ልንገራችሁ፣ ሒሳብ የገባኝ በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው።

መልመጃ የምንልክበትን ቀን እንደ ልማዷ በታቦት ቀጠረችው። አንዱ ለሚካኤል፣ የሚቀጥለው ለመድኃኔ ዓለም፣ ተመልሶ ለሚካኤል። በእነዚያ ቀኖች መድኃኒት አመላላሹ መኪና ሲወርድ ፖስታችንን ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ያደርስልናል። ወሩ ለሁለት ተከፈለ፣ አንድም ቀን አልሳትንም። እሷ ደስ ብሏት እያንዳንዱ መስመር ላይ «ሄደ» ብላ ትጽፋለች። እኔ መቼ ቆጠርኩ? ደንበር ገተር እያልኩ ከኋላዋ መከተል ነው።

በመጋቢት ሚካኤል አሥረኛውን ላክን። በማግስቱ ስምንተኛው ቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ፤ የሁለታችንም። «ከመርሐ ትምህርቱ ቀን ዘግይቷል። የቀሩት መልመጃዎች እስከ መጋቢት ሠላሳ ካልደረሱን ለፈተና አትመዘገቡም» ይላል። ዘግይቷል? እንዴት ይዘገያል? ወረቀቱን ቀማኋትና ቆጠርኩ። ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም አሥራ አምስት ቀን ነው። የአዲስ አበባዎቹ ሁለት ሳምንት ግን አሥራ አራት። በየመልመጃው አንድ አንድ ቀን ስንሸራተት፣ በስምንተኛው ስምንት ቀን አልፎናል። እስከ ሰባት ቀን ይታገሱ ኖሮ እስከዚያ ማንም ምንም አላለንም። እሷ የመጨረሻውን ለሚያዝያ ሚካኤል ቀጥራዋለች። ፖስታው አዲስ አበባ ለመድረስ ሳምንት ይፈልጋል። ሁለት መልመጃ ቀርቶናል፤ በእጃችን ያለው ዘጠኝ ቀን ነው።

እሳት ጎረስኩ። መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ ያ ሁሉ በሽተኛ እየሰማ፣ አፌ እንዳመጣ ለቀቅኩት። «አንቺ ነሽ ጉድ ያደረግሽኝ! ሳምንት መቁጠር ያቅታል? በሚካኤልና በመድኃኔ ዓለም ትምህርት ይማራል? ምን በወጣኝ ነው ያንቺን ካርድ የተከተልኩት!» እሷ ወረቀቱን ታያለች። ጣቷን መስመሮቹ ላይ አንድ በአንድ እያስኬደች ትቆጥራለች። «እውነትህን ነው። ተሳስቻለሁ» አለች። ይህን ስትል ይብስ ተናደድኩ፤ የሚመልስልኝ ሰው ነበር የፈለግሁት።

በዚያ መሃል ነው ከወረፋው ውስጥ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የመጣው። የወረዳው ካድሬ ጓድ ሰብስቤ ነው። ለመርፌ መጥቶ ተራውን እየጠበቀ ነበር። «ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው? የምን ሚካኤል ነው?» ብሎ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገባ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ካርዶች አያቸው። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

«በመንግሥት ካርድ ላይ ታቦት? የማነው ይሄ?»

ስሜ እዚያ ላይ በጉልህ ተጽፏል። ዞር ብሎ አየኝ። ሲጮህ የነበርኩት ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሱ የሰጠሁትን ከመቀበል በቀር የሚያውቀው ነገር የለም» አለች እትዬ አስካለ።

ካድሬው ከመደርደሪያው አንድ የበሽተኛ ካርድ መዘዘ፣ ሌላ መዘዘ። ለማርያም። ለጊዮርጊስ። ለአቦ። «በሽተኛውንም?» አለ።

«ጓድ፣ ሰዉ ቀን የሚያውቀው በዚህ ነው። እናትዎም ባለፈው ለኪዳነ ምሕረት ተቀጥረው ሄደዋል፤ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም» አለችው።

ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ የከረረው ያኔ ነው። ጓድ ሰብስቤ ሳቁ ጋብ እስኪል ቆየና ፈረደ፤ መደርደሪያው ላይ ያለ ካርድ በሙሉ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ታቦቱ ተፍቆ በቀን ቁጥር ይታረም። የምታርመውም የጻፈችው ሰው፣ ብቻዋን።

ስንት ካርድ እንደነበረ አላውቅም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ካርድ ነው። ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ ታማሚ ታስተናግዳለች፤ ከዚያ ላጲሷን ይዛ ትፍቃለች። ጣቶቿ ጠቆሩ። እኔስ? እኔ መልመጃዬን እሠራለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን ጂኦግራፊ ልወስድ መስኮቱ ላይ ቆሜ ስታዘገይብኝ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ጊዜ የለኝም!» አልኳት። ይህ ከአፌ ወጥቷል። እሷ የያዘችውን ካርድ ፍቃ ጨረሰችና ተነሥታ መጽሐፉን ሰጠችኝ። ቷ ቷ አድርጋ። «ይቺን ካርድ ልፋቅልሽ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እርግጥ ካድሬው ብቻዋን ብሏል፤ ግን ማን ያያል? በሩ ይዘጋል እኮ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን የሚወርድ መኪና ሲነሣ የእኔን ሁለት ፖስታ ለሾፌሩ ሰጠሁት። «ያንቺስ?» አልኳት። «አሥራ አንደኛው ገና ግማሽ ነው» አለች። የታረሙት ካርዶች ግን አልቀው ተደርድረው ነበር። ግድግዳው ላይ የነበረው የእኔ ካርድ እጇ ላይ ነው፤ ካድሬው ሲሄድ አውርዳ መሳቢያዋ ውስጥ ደብቃው ኖሯል። እፊቴ «ሄደ»፣ ከሥሩም «ሄደ» ብላ ጻፈችበት።

እኔ አለፍኩ። የአዲስ አበባ ነርስ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ። ስሄድ ልሰናበታት መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ካድሬው ካርድ ቢያሳርምም ሰዉን ማሳረም አልቻለም ነበር፤ እሷም ካርዱ ላይ ቁጥር ትጽፍና በመስኮቱ ጠጋ ብላ «ለገብርኤል ነው» ብላ በሹክሹክታ ትናገራለች። አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍና የማመልከቻ ደብዳቤ ሰጠችኝ። እንደገና ለመመዝገብ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ አዲሱን መርሐ ትምህርት በእጅ መቀበል ያስፈልጋል፤ ወይ ራሷ፣ ወይ ፎቶዋን የያዘ ሰው። ራሷ እንዳትሄድ የይለፍ ወረቀት የሚፈርመው ጓድ ሰብስቤ ነው፤ አልፈርምም ብሏታል።

«የመጨረሻ ዓመቴ ናት፣ ደምሴ» አለችኝ።

«ምን ሆነሻል? ለመስከረም ሚካኤል መርሐ ትምህርቱ እጅሽ ይገባል!» አልኳት። እንደ እሷ መቅጠሬ ነው፤ በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። እሷም ሳቀችና እርሳሷን አነሣች።

አዲስ አበባ ገብቼ ወደ ተልእኮ ትምህርቱ ቢሮ አንድ ቀን ሄጃለሁ፤ ይህን አልካድም። ረጅም ወረፋ ነበር፤ ተራዬ ሊደርስ ሲል ስብሰባ አለ ብለው መስኮቱን ዘጉ። ተሳድቤ ተመለስኩ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ከነገ ወዲያ አልኩ። ፎቶዋና ደብዳቤዋ መሳቢያዬ ውስጥ ገቡ። ምዝገባው አለፈ። በዓመቱ አንድ ሾፌር «እትዬ አስካለ ሰላም በለው ብላሃለች» አለኝ፤ ሰላምታ ብቻ። እንግዲህ ትታዋለች፣ ተረጋግታለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲህ ማሰቡ ይመቸኝ ነበር።

ኋላ ደብረ ብርሃን ተመድቤ ስሠራ እንኳ አንኮበር አልወጣሁም። አርባ ኪሎ ሜትር ናት! በእሷ የምናደደውም ለዚህ ነው። አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? «ረሳኸኝ ወይ» ብትለኝ? ብትሰድበኝ? ሰው እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ አይቆጣም? ብትቆጣኝ ኖሮ እኔም ተቆጥቼ፣ ሰበብ ደርድሬ፣ ይኸው ነው ብዬ እገላገል ነበር። እሷ ግን አልለመነችኝም። በሽተኛ ለምና የማታውቅ ሴትዮ እኔን ምን ብላ ትለምነኛለች?

መሞቷን በሰማሁ በማግስቱ ለቅሶ ልደርስ አንኮበር ወጣሁ። ታላቅ እህቷ እማማ ወርቄ ብቻቸውን ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ሞራ ለብሶ አጥርቶ አያይም። ማን መሆኔን አልጠየቁኝም፤ ሰው ሲመላለስ ሰንብቷል። ከጤና ጣቢያው አብሬያት የሠራሁ ነኝ አልኳቸው።

«እንግዲያ አንድ ነገር ታነብልኛለህ» አሉና ከአልጋ ሥር የብስኩት ጣሳ አወጡ። «ከዚህ ውስጥ አንድ ካርድ አለ። በየመስከረሙ አውጥታ የሆነ ነገር ትጽፍበትና ትመልሰዋለች። ምንድን ነው ስላት ቀጠሮ ነው ትለኛለች። የማን እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም።»

የበሽተኛ ካርድ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። ልተወው ፈለግሁ። «አንብብልኝ እንጂ» አሉኝ።

«ስም፣ ደምሴ» ብዬ ጀመርኩ። «የሚያመጣው፣ መርሐ ትምህርት። ቀጠሮ፣ ለመስከረም ሚካኤል። አልመጣም። ለጥቅምት ሚካኤል። አልመጣም። ለኅዳር ሚካኤል። አልመጣም።»

«ሌላስ?»

ከዚያ በታች በየዓመቱ አንድ መስመር ነው። በእነዚያ ዓመታትማ ዕድሜዋ አልፏል፤ ብልክላትም የሚረባት ነገር አልነበረም። ካርዱን ገለበጥኩት፤ ጀርባውም ሞልቷል። በእርሳስ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እየተንቀጠቀጠ በሚሄድ ጽሕፈት። «ለመስከረም ሚካኤል። አልመጣም። ለመስከረም ሚካኤል። አልመጣም።» አንድም መስመር ሳልዘል አነበብኩላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ «ለመስከረም ሚካኤል» ብቻ ተጽፏል፤ ከጎኑ ባዶ ነው።

እማማ ወርቄ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን! ምን አግኝቶት ይሆን? ሞቶ ይሆናል እኮ።»

«አልሞተም፣ እማማ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ከእጄ ወሰዱት፤ በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ከዚያ ቀና ብለው በዚያ አጥርቶ በማያይ ዓይናቸው ወደ ፊቴ ተመለከቱ።

«ቆየህ» አሉኝ።